ዘፈንና ጭፈራ የሕዝብ ልብ መስታወት ስለ መሆናቸው

ንጉሥ ሳኦል ከጦርነት በተመለሰ ጊዜ የእስራኤል ሴቶች ከየከተማው ከበሮ ይዘው እየዘፈኑና እየጨፈሩ ሊቀበሉት ወጡ። በዘፈናቸውም ለንጉሡ ከሰጡት ቍጥር ይልቅ ለወጣቱ ለዳዊት የሰጡት ዐሥር እጥፍ ሆኖ ተገኘ (1ኛ ሳሙ. 18፥6-9)። የዘፈኑ ትርጓሜ ከሳኦል አልተሰወረም። መንግሥቱ ከእጁ እየወጣች መሆኗን አስቀድሞ ነቢዩ ሳሙኤል ነግሮት ነበር፤ ሁለተኛ የነገሩት እነዚያ ሴቶች ናቸው። ጥፋቱ የሰማውን ቃል ራሱን ሊመረምርበት ሲገባው፣ በተዘፈነለት ሰው ላይ ቂም መያዣ ማድረጉ ነው።

እኛም ዘመናዊውንም ሆነ የጥንቱን ዘፈን ስንሰማ ብዙ ጊዜ የምናደርገው ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ ጆሯችንን ደፍነን እናልፋለን፣ ወይ በአንድ ቃል እናወግዘዋለን። ለማውገዝ የምንጠቅሰው አብዛኛውን ጊዜ ገላትያ 5፥21ን ሲሆን፣ በዚያ «ዘፋኝነት» ተብሎ የተተረጎመው ቃል በግሪኩ «ኮሞስ» ይባላል። ኮሞስ ማለት በዚያ ዘመን ሰዎች ከግብዣ በኋላ ሰክረው በሌሊት በየመንገዱ እየጮኹ የሚዞሩበት ፈንጠዝያ ነበረ፤ ሐዋርያውም ከስካር ጋር አያይዞ የጠራው ስለዚህ ነው። ይህን መናገራችን የመጠጥ ቤቱን ጭፈራ ለማመስገን አይደለም። ነገር ግን የእናት እሹሩሩ፣ የአጨዳ ዘፈን፣ የለቅሶ ሙሾ ሁሉ በዚያ በአንዱ ቃል ተጠቅልሎ ከተጣለ፣ ሕዝቡ ስለ ኑሮው የሚናገረውን የምንሰማበት ጆሮ አይተርፈንም።

ይህ ጸሐፊ በልጅነቱ በአያቱ ቤት ከወፍጮው አጠገብ ይተኛ ነበር። አያቱ ገና ሳይነጋ ተነሥታ መጁን ስትገፋ የምታንጎራጉረው እንጉርጉሮ እንቅልፍ ያስወስደው ነበርና ቃሉን ልብ ብሎ የሰማው ካደገ በኋላ ነው። እንጉርጉሮው ለጋ ሳለች ስለ መዳርዋ፣ ስለ አማቷ እጅ ክብደት፣ ስለሞቱባት ልጆች የሚናገር ነበር። አያቴ ይህን ለንስሐ አባቷ እንኳ ተናግራ እንደሆነ አላውቅም፤ ባሏ ከውጭ ሲገባ ግን ዜማውን ሳትለውጥ ቃሉን ትለውጠው እንደነበር አስታውሳለሁ። በአገራችን እጅግ ብዙ ሴቶች እንዲሁ ለሰው የማይነገረውን ለድንጋይ ሲነግሩ ኖረዋል። የሞተር ወፍጮ በየመንደሩ በገባ ጊዜ ጕልበታቸው ዐረፈ፤ ይህም ትልቅ በረከት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ያ ብሶት የሚነገርበት ስፍራ የት እንደሆነ የጠየቀ ሰው አላገኘሁም።

ወፍጮው የሴቶችን ምሥጢር እንደ ሰማ ሁሉ፣ የመኳንንቱ ግብር ቤት ደግሞ የአዝማሪን ነገር ይሰማ ነበር። አዝማሪው ባለ አንድ አውታሩን መሰንቆ ይዞ ጌታውን ሲያወድስ፣ ሰሙ ሙገሳ ሆኖ ወርቁ ወቀሳ የሚሆንበት ጊዜ ነበረ። ጌታን ፊት ለፊት መውቀስ ነውር በሆነበት አገር፣ ወቀሳው በዜማ ተጠቅልሎ እንዲገባ አንድ በር ተከፍቶለት ነበር ማለት ነው። አዝማሪን ሰው ይንቀው ነበር፤ ቢንቀውም ቅሉ ይፈራው ነበር። ፉከራና ሽለላም እንዲሁ ናቸው፤ በጦር ሜዳ የተሠራ ጀብዱ ማዕረግና ርስት ያሰጥ የነበረበትን ዘመን ይነግሩናል። ዛሬ በሰርግ አዳራሽ የሚፎክረው ጎልማሳ ጦር ይዞ የማያውቅ ነው፤ አያቶቹ የኖሩበትን ሥርዐት ግን በድምፁና በእጁ አወራወር ይጠብቃል።

ስለ ጭፈራው ስንናገር፣ በጎንደርና በጎጃም ትከሻ ይሰበቃል፤ በትግራይ ወንዱም ሴቱም ክብ ሠርተው በከበሮ ምት በዝግታ ይዞራሉ፤ በጉራጌ እግርና ጭብጨባ ይፋጠናሉ። አንዳንዶች ይህን ልዩነት ከተራራው፣ ከቆላውና ከደጋው ጋር አገናኝተው ይተረጉሙታል፤ ማስረጃ ሲያቀርቡ ስላላየን እኛ አንከተላቸውም። በግልጥ የሚታየው ሌላ ነው። ጭፈራውን ማን ይጀምራል? ማን ከማን ጋር ፊት ለፊት ይቆማል? ሽማግሌ ሲነሣ ወጣቱ ምን ያደርጋል? እነዚህን ለሚመለከት ሰው የአንድ መንደር የዝምድናና የክብር ሥርዐት በአንድ ሰርግ ላይ ተገልጦ ይታየዋል። በቤተ መቅደስም ሊቃውንቱ መቋሚያና ጸናጽል ይዘው በወረብ ሲቆሙ፣ በቀኝና በግራ የሚሰለፉበትና የሚመሩበት አኳኋን የቤተ ክርስቲያኒቱን የማዕርግ ሥርዐት ያሳያል።

የከተማው ሙዚቃ ታሪክም የመንግሥታችንን ታሪክ ተከትሎ ይሄዳል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጐበኙ ጊዜ አርባ የአርመን የሙት ልጆችን አግኝተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ የነሐስ መሣሪያ የሚነፋ የመንግሥት ባንድም ከእነርሱ ተቋቋመ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሰው መዝሙር በ1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ተሰማ። ከጠላት ወረራ በኋላ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ በመለከትና በሳክስፎን የአገሩን ቅኝት መጫወት ጀመረ፤ የአውሮፓ ልብስ ለብሶ በአማርኛ የሚናገር ዘመን መምጣቱን ከአዋጅ ይልቅ ያ ድምፅ አስታወቀ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኮንኖች ያደረጉት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሳይሳካ ሲቀር፣ ድምፃዊው ጥላሁን ገሠሠም ከታሰሩት አንዱ ነበረ። የሳኦል ነገር በዚህም ስፍራ ይታወሳል።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የሰዓት እላፊ ስለታወጀ የከተማው የሌሊት ሙዚቃ ደከመ። በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቁሞ ስለ አብዮቱ ድል በትእዛዝ ይዘፈን ጀመር። ትእዛዝ ያላዘፈነውን የሰው ልብ ለመስማት የፈለገ ግን ትዝታን ይሰማ ነበር። ትዝታ ከአራቱ የዘፈን ቅኝቶች ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር የሚቈጠር ነው፤ በስሙ የሚዘፈነውም ነገር የራቀ ወዳጅን የሚናፍቅ የፍቅር ዘፈን ነው። ልጁ የተገደለበት፣ ወንድሙ በሱዳን በኩል የተሰደደበት ሰው ግን ያንኑ ዘፈን ሲሰማ በሴት ስም የተጠራው የራሱ ሙት ወይም ስደተኛ ይሆንበት ነበር። መርማሪ የሚይዘው ቃል አልነበረም። ካሴቱም ከስደተኞቹ ጋር እስከ ዋሽንግተን ደረሰ፤ ዛሬም በዚያ ያሉ አረጋውያን ትዝታ ሲጀመር ዝም የሚሉት ስለ ዜማው ጣዕም ብቻ አይደለም።

የዛሬው ሰርግ በአዳራሽ ነው። የጎጃሙ፣ የኦሮሞው፣ የትግራዩና የጉራጌው ጭፈራ በአንድ ምሽት በተራ ይቀርባል፤ ሙሽሮቹም ሁሉንም ይሞክራሉ። ጫጫታው እጅግ የበዛ ነው፤ የድምፅ ማጉያው የሽማግሌ ምርቃት እንዳይሰማ አድርጓል ብንል ሐሰት አይሆንብንም። ነገር ግን ከተለያየ አገር የመጣ ሕዝብ በአንድ ከተማ ተጋብቶ መኖሩን ይህ የጭፈራ ተራ ይመሰክራል። ወደ ዐረብ አገር ሄዳ ስለ ቀረች እኅት የሚያለቅስ ዘፈንም እንዲሁ ምስክር ነው፤ በየቤቱ የጎደለ ሰው ባይኖር ኖሮ ያ ዘፈን ሰሚ ባላገኘ ነበር።

በየዓመቱ ጥር 10 ቀን በከተራ በጃንሜዳ ታቦታቱ ወደ ድንኳናቸው ሲገቡ ካህናቱ በከበሮና በጸናጽል ፊት ፊት ይሄዳሉ። ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ አንድ ዓይነት ልብስ የለበሱ የሰፈር ወጣቶች ምንጣፍ እያነጠፉ ይዘምራሉ፤ ከእነርሱም ወዲያ ጎበዛዝት ዱላቸውን አንሥተው ሆ ይላሉ። ሦስቱም ድምፅ በአንድ ሜዳ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ሊቃውንቱ በመጽሐፍ ጽፈው በቃል አጥንተው ያቆዩታል። የኋለኞቹ ዘንድሮ ምን እያሉ እንደ ዘፈኑ ጠይቆ የሚመዘግብ ሰው ግን፣ ከካህናቱም ከመምህራኑም መካከል ጥቂት ነው።