ዘፈንን በምልክት ቋንቋ መተርጐምና ቋንቋውን መልመድ፦ ከደብረ ታቦር የቡሄ ጭፈራ አንጻር

መግቢያ

የቡሄ ዋዜማ በሆነው በነሐሴ 12 ምሽት በደብረ ታቦርና በአካባቢው ችቦ ይበራል፤ ጅራፍ ይጮኻል፤ ልጆች ዱላቸውን መሬት ላይ እየመቱ ሆያ ሆዬን ከደጃፍ ደጃፍ ያዞራሉ። መስማት የተሳነው ልጅ በዚህ ጭፈራ መካከል ቢቆም ሁሉም ነገር አያመልጠውም። የችቦውን ብርሃን፣ የዱላውን አነሣስና አመታት፣ የእኩዮቹን ፊት ያያል። የሚያመልጠው የጭፈራው ነገር ነው። አውጪው ማንን እንዳመሰገነ፣ ምን እንደ ለመነ፣ በማን እንደ ቀለደ አያውቅም። ሌሎች ሲስቁ አብሮ ይስቃል፤ ያሳቃቸው ምን እንደ ሆነ ግን የሚነግረው የለም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከሚነሡት መካከል የምልክት ቋንቋን ገና በመማር ላይ ያሉ ሰሚዎች ይገኙባቸዋል። ዘፈን ቃሉን ስለሚደጋግምና በቀላሉ ስለሚታወስ ለልምምድ የተመቸ ይመስላቸዋል። ይህ ጽሑፍ ዘፈንን መተርጐም ለተማሪው የሚጠቅመው መቼ እንደ ሆነ፣ መስማት የተሳነውን ተመልካች የሚጐዳውስ መቼ እንደ ሆነ ይመረምራል። መነሻ የሚያደርገውም የሆያ ሆዬን ጭፈራና የአካባቢውን የአዝማሪ ጨዋታ ነው።

የቋንቋው ጠባይ

የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የራሱ ሥርዓት ያለው ቋንቋ ነው እንጂ በእጅ የተነገረ አማርኛ አይደለም። ትርጉም የሚሰጠው በእጅ ቅርጽ ብቻ ሳይሆን በእጁ እንቅስቃሴና አቅጣጫ፣ ምልክቱ በሚሠራበት ቦታ፣ በቅንድብ፣ በአፍና በትከሻ ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የአማርኛን ፊደል የሚወክል የጣት ፊደል በሥራ ላይ ይገኛል። በዚህ የጣት ፊደል የእጁ ቅርጽ ፊደሉን፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባት ድምፆች ያመለክታል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. በ2008 ቋንቋውንና የመስማት የተሳናቸውን ባህል በመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር ጀምሯል።

ጉዳዩ የመብትም ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 አካል ጉዳተኞች በባህላዊ ሕይወት እኩል የመሳተፍ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ያው አንቀጽ የምልክት ቋንቋና የመስማት የተሳናቸው ባህል ዕውቅናና ድጋፍ እንዲያገኙ ያዝዛል። ከዚህ አንጻር ሲታይ የቡሄን ጭፈራ መረዳት ለልጁ የሚደረግ ችሮታ አይደለም።

ሦስት ችግሮች

የመጀመሪያው ችግር ቃልን በቃል መተካት ነው። ጀማሪ ተርጓሚ አንድ የአማርኛ ቃል በሰማ ቁጥር አንድ ምልክት ይፈልጋል። ምልክቱን ሲያጣ ወደ ጣት ፊደል ይሸሻል። ዘፈኑ ግን አይጠብቀውም፤ ቃሉን ፊደል በፊደል ሠርቶ ሳይጨርስ አውጪው ወደ ሌላ ስንኝ ይሻገራል። ውጤቱም ሰሚው በዜማው ረዳትነት የሚከተለው፣ መስማት የተሳነው ተመልካች ግን ሊያያይዘው የማይችል የቃላት ድርድር ይሆናል።

ሁለተኛው ችግር ኅብረ ቃል ነው። ሰምና ወርቅ ብዙውን ጊዜ የሚቆመው በድምፅ ተመሳሳይነት ላይ ነው። ለምሳሌ «ምን አለ?» የሚለው ተራ አነጋገር «አለ» ላልቶ ሲነበብ «ምን ተናገረ?» ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ «ምን ይገኛል?» ማለት ይሆናል። ፊደሉ ሁለቱን አይለይም፤ ገጣሚም በዚህ ይጠቀማል። በምልክት ቋንቋ ግን መናገርና መኖር የተለያዩ ምልክቶች አሏቸው። ስለዚህ ተርጓሚው በፊደል ተደብቆ ማለፍ አይችልም። ወይ ወርቁን ይመርጣል፤ ወይ ሰሙን አሳይቶ ወርቁን ያስከትላል፤ ወይም መስማት ከተሳነው አማካሪ ጋር ሆኖ በእጅ ቅርጽ መመሳሰል ላይ የተመሠረተ ሌላ ጨዋታ ይፈልጋል። ሦስቱም የሚቻሉት ስንኙን አስቀድሞ ለፈታ ሰው ብቻ ነው። ቅኔው ያልገባው ተርጓሚ እጁ ምንም ቢፈጥን ሊያስተላልፈው አይችልም።

ሦስተኛው ችግር ምት ነው። የጎንደር አካባቢ ምትን በሰውነት የማሳየት ልማድ አለው። በቤተ ክርስቲያን አቋቋም ዜማው ከመቋሚያውና ከጸናጽሉ እንቅስቃሴ ጋር ይሄዳል፤ በእስክስታም ትከሻ ከበሮውን ይከተላል። ይህ ልማድ ለተርጓሚው ሀብት ነው፤ ወጥመድም ሊሆንበት ይችላል። በምልክት ቋንቋ ትከሻና ፊት ሰዋስዋዊ ሥራ አላቸው። ተናጋሪው ሰውነቱን ወደ አንድ ወገን ሲያዞር የሌላውን ሰው ንግግር እየጠቀሰ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል፤ የቅንድብ እንቅስቃሴም ጥያቄን ይለያል። ተርጓሚው ሳያቋርጥ እስክስታ ቢመታ ተመልካቹ የትኛው እንቅስቃሴ ነገር፣ የትኛው ጭፈራ እንደ ሆነ መለየት ያቅተዋል። ስለዚህ ስንኙ ሲነገር ሰውነት ለነገሩ፣ ተቀባዮቹ ሲመልሱ ደግሞ ለምቱ እንዲውል መለየት ይገባል።

የልምምድ ቅደም ተከተል

ከዚህ በመነሣት ለተማሪው የዘፈን ምርጫ ደረጃ ሊወጣለት ይችላል። ሆያ ሆዬ ለመነሻ ይስማማል፤ አውጪና ተቀባይ አለው፤ የተቀባዮቹ መልስ አጭርና ተደጋጋሚ ነው፤ የነገሩም አካሄድ አስቀድሞ ይታወቃል። ልጆቹ ባለቤቱን ያወድሳሉ፤ ሙልሙል ወይም ሌላ ስጦታ ይጠይቃሉ፤ በመጨረሻ መርቀው ይሄዳሉ። ተማሪው በፊቱ ለአውጪው፣ ለባለቤቱና ለተቀባዮቹ ቦታ ለይቶ ቢሰጥ የምልክት ቋንቋን የቦታ አጠቃቀም በአንድ ጭፈራ ብዙ ጊዜ ይለማመዳል። የተቀባዮቹን መልስ ተመልካቾችም አብረው በእጃቸው ሊመልሱት ስለሚችሉ፣ መስማት የተሳነው ልጅ ከተመልካችነት ወጥቶ ከተቀባዮቹ አንዱ ይሆናል።

ቀጥሎ የሠርግ ዘፈን ይመጣል። ስንኙ ይበዛል፤ የሙሽሪትና የሙሽራው ወገን የሚለዋወጡት ውዳሴና ተረብ ስላለው ማን ለማን እንደ ተናገረ በግልጽ መታየት አለበት። አዝማሪ የመጨረሻው ደረጃ ነው። አዝማሪ በመሰንቆው እየተመራ ስንኙን እዚያው ይፈጥራል፤ ከታዳሚው መካከልም አንዱ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል። አስቀድሞ የሚጠና ጽሑፍ የለም፤ ኅብረ ቃሉም ብዙ ነው። ቋንቋውን አቀላጥፎ የማይናገር ሰው በዚህ ሥራ ቢሰማራ ተመልካቹን ያሳስታል።

በማንኛውም ደረጃ አሠራሩ አንድ ነው። ተማሪው መጀመሪያ ስንኙን በተራ አማርኛ ይፈታል። ቀጥሎ ያለ ዜማ፣ እንደ ተራ ወሬ አድርጎ በምልክት ይናገረዋል። መስማት የተሳነው ሰው ይህንን አይቶ ያርመዋል። ምቱ የሚጨመረው ከዚህ በኋላ ነው። የአካባቢው ሁኔታም መታሰብ አለበት። የቡሄ ጭፈራ ሲመሽ የሚካሄድ በመሆኑ ተርጓሚው ችቦውን ከጀርባው ካደረገ ፊቱና እጁ ይጨልማሉ። ብርሃኑ ከፊት ለፊቱ ሊያርፍበት ይገባል።

መድረኩ የማን ነው?

በሌላው ዓለም ያለው ልምድ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ያነሣል። ሲግንማርክ በሚል ስም የሚታወቀው መስማት የተሳነው የፊንላንድ ራፐር የራሱን ግጥሞች በምልክት ቋንቋ እያቀረበ እ.ኤ.አ. በ2009 ከአንድ ትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ውል ፈርሟል። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ በተካሄደው የሱፐር ቦውል የዕረፍት ሰዓት ዝግጅትም ዘፈኖቹን በምልክት ያቀረቡት መስማት የተሳናቸው ሁለት ሙዚቀኞች ነበሩ። ሰሚ ባለሙያ ከመድረክ ፊት ተቀምጦ ምቱንና ስንኙ የደረሰበትን ቢጠቁም፣ መድረኩ ላይ ቆሞ የሚናገረው ቋንቋው የራሱ የሆነ ሰው ሊሆን ይችላል። በደብረ ታቦርም ቢሆን የተማሪው ጥረት ግብ ራሱ አውጪ መሆን መሆን የለበትም፤ መስማት የተሳነው ልጅ በራሱ ቋንቋ አውጪ የሚሆንበትን መንገድ መጥረግ ነው።

መደምደሚያ

ዘፈን የምልክት ቋንቋን ለሚማር ሰው አቋራጭ መንገድ አይደለም። ያም ሆኖ ሰዋስውን፣ የነገር አፈታትንና የሰውነት ቁጥብነትን በአንድ ላይ የሚፈትን ጥሩ ትምህርት ቤት ነው። የፈተናው መመዘኛም ሰሚዎች የሚሰጡት ጭብጨባ ሊሆን አይገባውም፤ እነርሱ ዘፈኑን በጆሯቸው ሰምተውታልና የእጁ ውበት ብቻ ይበቃቸዋል። ትክክለኛው መመዘኛ ከጭፈራው በኋላ የሚቀርብ አንድ ጥያቄ ነው፦ መስማት የተሳነው ተመልካች አውጪው ምን እንዳለ መልሶ መናገር ይችላል? ከቻለ ዘፈኑ ተተርጉሟል። ካልቻለ ግን እጆች ቢንቀሳቀሱም ልጁ ዛሬም ያልገባውን እየሳቀ ነው።