ሳይጎመራ የሚበዛ ደም
ስለ አንድ ዓይነት የደም ነቀርሳና ስለ ሕክምናው

ነቀርሳ የሚለው ቃል በአገራችን ለሁለት የተለያዩ በሽታዎች ሲነገር ቆይቷል። የሳንባ ነቀርሳ የሚባለው በባክቴሪያ የሚመጣና በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው። በዚህ ትምህርት የምንናገርለት ግን ካንሰር የተባለው ነቀርሳ ነው፤ ይኸውም የገዛ ሰውነታችን ሴሎች ከሥርዓት ወጥተው ያለ ልክ ሲበዙ የሚፈጠር ስለ ሆነ፥ በሽተኛውን በመንካት ወይም ከእርሱ ጋር በመብላት አይያዝም።

ብዙ ሰው ካንሰር የሚለውን ስም ሲሰማ ሞት ብቻ ይታየዋል፤ ተስፋ ስለሚቆርጥም ወደ ሐኪም ለመሄድ ይዘገያል። ዛሬ የምንገልጸው የደም ካንሰር ፈጥነው ከሚገድሉት አንዱ ነው፤ በጊዜው ከተደረሰበት ደግሞ ፈጽመው ከሚድኑት አንዱ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ብዙ ጊዜ የጥቂት ቀናት ፍጥነት ስለ ሆነ፥ በደባርቅ፥ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ባሉ ቀበሌዎች የሚያስተምሩ መምህራንና ማንበብ የሚችሉ ሁሉ ነገሩን ሊያውቁት ይገባል።

1ኛ፤ ደም እንዴት ይጎመራል?

የደም ሴሎች የሚፈጠሩት በአጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። አዲስ የተፈጠረ ሴል ወዲያውኑ ለሥራ አይደርስም። የደባርቅ ገበሬ የሚዘራው ገብስ አስቀድሞ ቡቃያ፥ ቀጥሎ እሸት፥ በመጨረሻም የደረሰ ፍሬ እንደሚሆን፥ እንዲሁ ነጩ የደም ሴል ደረጃ በደረጃ ያድጋል። የጎመራው ነጭ ሴል ወደ ሰውነት የሚገቡትን የበሽታ ተዋስያን ይዋጋል፤ አጭር ጊዜ አገልግሎም በተፈጥሮ ሕግ ይሞታል፥ ሌላውም ይተካዋል። መቅኔው ከዚህ በቀር ኦክሲጅን የሚሸከሙትን ቀይ ሴሎችና፥ ቁስል ሲደርስ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕላትሌት የተባሉ ደቃቅ አካላት ያወጣል።

በአንዳንድ የደም ካንሰር ግን ሴሉ በቡቃያነቱ ይቀራል። አይጎመራም፤ ስላልጎመራም በጊዜው አይሞትም፤ እየተከፋፈለ ይበዛል። እርሻው በልምላሜ ተሞልቶ ጎተራው ባዶ እንደሚሆን፥ መቅኔው በማያገለግሉ ሴሎች ይሞላና ለቀይ ሴሎችና ለፕላትሌት ስፍራ ያጣል። ስለዚህ በሽተኛው ይገረጣል፥ ይደክማል፥ ትኩሳት ይይዘዋል፥ ያለ ምክንያትም ይደማል።

ከነዚህ አንዱ ፕሮማየሎሳይቲክ ሉኪሚያ ይባላል። ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 የገለጹት ሂለስታድ የተባሉ የኖርዌይ ሐኪም ናቸው። ያልጎመሩት ሴሎች በውስጣቸው የያዙት ነገር ደም የሚረጋበትን ሥርዓት ስለሚያፋልስ፥ በሽተኛው በአንጎሉ ወይም በሳንባው ውስጥ ደም ፈስሶ በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ሊሞት ይችላል።

2ኛ፤ ከቫይታሚን ኤ የተገኘ ትምህርት

ዳፍንት በአገራችን የታወቀ ነው። ቫይታሚን ኤ የጎደለው ሕፃን አስቀድሞ ሲመሽ ማየት ይሳነዋል፤ ቆይቶም እርጥብ የነበረው የዓይኑ ሽፋን ይደርቃል። በ1925 ዎልባክና ሃው የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቫይታሚን ኤ በጎደለው ምግብ ያሳደጓቸውን አይጦች ሲመረምሩ፥ ለስላሳው የውስጥ አካል ሽፋን ደርቆ ቆዳ የመሰለ ሆኖ አገኙት። ከዚህም ቫይታሚን ኤ ሴሎች ተገቢ መልካቸውን ይዘው እንዲያድጉ የሚያስፈልግ መሆኑ ታወቀ።

በሰውነት ውስጥ ቫይታሚን ኤ ወደ አሲድነት ይለወጥና ሴሉን «ጎምራ» የሚል ትእዛዝ ያደርሳል። ትእዛዙን የሚቀበለው የሴሉ ክፍል የተጻፈው በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። በተናገርነው ሉኪሚያ ውስጥ 15ኛውና 17ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ተለዋውጠው ይገኛሉ፤ ይህንንም በ1977 ጃኔት ራውሊ የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ገለጹ። በዚህ መለዋወጥ የተነሣ ትእዛዝ ተቀባዩ ተበላሽቶ በሩን እንደሚዘጋ ዘበኛ ይሆናል፤ የተለመደው መጠን ያለው መልእክት ቢመጣም አይከፍትም። ይህ ጉዳት በሕይወት ዘመን በአንድ ሴል ላይ የሚደርስ እንጂ ከወላጅ የሚወረስ አይደለም፤ የማንም ርግማን ወይም ኃጢአት ውጤትም አይደለም።

3ኛ፤ ሕክምናው እንዴት ተገኘ?

የቀድሞው የካንሰር ሕክምና አሳብ ክፉውን ሴል በመርዝ መግደል ነበረ። ይህ ዛሬም በብዙ ካንሰር ላይ ያገለግላል፤ ነገር ግን ማሳውን እንደ ማጨድ ስለ ሆነ ጥሩውንም አብሮ ይጎዳል። ሌሎች ሊቃውንት ግን «ያልጎመረውን እንዲጎመራ ብናደርገው በራሱ ጊዜ አይሞትምን?» ብለው ጠየቁ። በ1980ና በ1981 በአሜሪካ ብራይትማንና ባልደረቦቻቸው የቫይታሚን ኤን አሲድ በመስታወት ዕቃ ውስጥ በሉኪሚያ ሴሎች ላይ ጨምረው፥ ሴሎቹ ሲጎመሩ አዩ።

ይህን ለበሽተኛ የሰጡት በሻንጋይ ከተማ በሩይጂን ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩት ቻይናዊው ሐኪም ዋንግ ዠንዪ ናቸው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከመጀመሪያዎቹ በሽተኞቻቸው አንዷ የ5 ዓመት ልጅ ነበረች፤ እርስዋም ዳነች። በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ ትሬቲኖይን የተባለውን ይህን የሚዋጥ መድኃኒት ከወሰዱት 24 በሽተኞች 23ቱ በእርሱ ብቻ፥ አንዱ ደግሞ ሌላ መድኃኒት በጥቂቱ ተጨምሮለት የበሽታው ምልክት ከደማቸውና ከመቅኔያቸው መጥፋቱን ገለጹ።

ትሬቲኖይን ብቻውን ሲሰጥ ግን በሽታው ብዙ ጊዜ ይመለሳል። በቻይና በሃርቢን ከተማ በ1970ዎቹ ዣንግ ቲንግዶንግና ባልደረቦቻቸው አርሴኒክ የተባለውን መርዝ በተመጠነ ልክ በደም ሥር በመስጠት ይህን ሉኪሚያ ያክሙ ነበረ፤ ቆይቶም አርሴኒክ የተበላሸውን ትእዛዝ ተቀባይ ራሱን እንደሚያፈርሰው ታወቀ። በ2013 የታተመው የጣሊያንና የጀርመን ሐኪሞች ጥናት እንዳሳየው፥ በሽታቸው እጅግ ካልከፋው መካከል ሁለቱን አጣምረው ከወሰዱት በሽተኞች ከመቶ 97ቱ ከሁለት ዓመት በኋላ በሽታው ሳይመለስባቸው በሕይወት ተገኝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ትሬቲኖይንን በ2015፥ አርሴኒክ ትሪኦክሳይድን በ2019 በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አግብቷቸዋል።

4ኛ፤ ሦስት ማስጠንቀቂያዎች

ሀ) ለሕፃናት በየስድስት ወሩ የሚታደለው የቫይታሚን ኤ እንክብል የዓይንና የሰውነት መጠበቂያ ነው፤ የካንሰር መድኃኒት አይደለም። ካሮት፥ ዱባ፥ ጎመን፥ ጉበትና እንቁላል መብላት ከዳፍንት ያድናል፤ ሉኪሚያን ግን አያድንም። እንክብሉን አብዝቶ መዋጥ ጉበትን ይጎዳል፤ በነፍሰ ጡር ሴት ላይም ጽንሱን ሊያበላሽ ይችላል።

ለ) አርሴኒክ ገዳይ መርዝ ነው። በሆስፒታል ተመጥኖ፥ ልብና ደም እየተመረመረ ካልሆነ በቀር ማንም ሊነካው አይገባም። ትሬቲኖይንም ቢሆን ሴሎቹ በአንድ ጊዜ ሲጎመሩ የትንፋሽ ማጠርና ትኩሳት ስለሚያስከትል፥ ያለ ሐኪም አይወሰድም።

ሐ) ይህ መንገድ እስካሁን እንዲህ ያለ ፍጹም ድል ያስገኘው በዚህ በአንዱ ሉኪሚያ ላይ ነው። የጡት ወይም የማኅፀን በር ካንሰር ያለባት ሴት ይህን መድኃኒት እየጠበቀች ቀዶ ሕክምናዋን ልታዘገይ አይገባትም።

5ኛ፤ ምልክቶቹና የመምህሩ ተግባር

በደባርቅ ያለው አየር ቀዝቃዛና ደረቅ ስለ ሆነ ልጆችን ነስር ብዙ ጊዜ ያገኛቸዋል፤ ጥቂት ቆይቶ የሚቆም ነስር የሚያስፈራ አይደለም። የሚያስፈራው የሚከተሉት ምልክቶች ሲደራረቡ ነው፤ ነስሩ እየተመላለሰ አልቆም ሲል፥ ድድ ያለ ምክንያት ሲደማ፥ ሳይመታ በሰውነቱ ላይ የጠቆረ የደም ምልክት ወይም እንደ ቁንጫ ንክሻ ያሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ሲወጡ፥ በሴት ልጅ ላይ የወር አበባ ከልክ በላይ ሲፈስ፥ ከዚህም ጋር ልጁ ሲገረጣ፥ ሲደክምና ሲያተኩሰው ነው። እነዚህ ምልክቶች በሌሎች ሕመሞችም ይታያሉ፤ ለይቶ ማወቅ የሐኪም እንጂ የመምህር ሥራ አይደለም። የመምህሩ ሥራ ቶሎ መላክ ነው።

እንዲህ ላለው ሕመምተኛ ዋግምት ማድረግ፥ እንጥል ማስቆረጥ ወይም ጥርስ ማስነቀል እጅግ አደገኛ ነው፤ ደሙ ስለማይረጋ ከትንሿ ቁስል ሞት ሊመጣ ይችላል። አስፕሪንም መድማቱን ስለሚያብስ አይሰጠው። ወደ ጸበል የሚሄድ ቤተ ሰብ በእምነቱ ሊነቀፍ አይገባም፤ ነገር ግን አስቀድሞ ልጁን ለሐኪም እንዲያሳይ በአክብሮት ይመከር።

ሕመምተኛው በዚያው ቀን ወደሚቀርበው ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ደባርቅ ሆስፒታል ይወሰድ። ደሙ ሲመረመር የሚያጠራጥር ነገር ከተገኘ፥ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መላክ ይኖርበታል፤ ከደባርቅ 100፥ ከዳባት 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሐኪሞቹ ሲያዙም አዲስ አበባ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያልፋል። ይህ ሉኪሚያ በሚገባ በሚታከምበት አገር እንኳ ዛሬ በዋናነት የሚገድለው ሕክምናው ሳይጀመር ወይም በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሚፈስ ደም ነው። ስለዚህ «እስከ ገበያ ቀን ይቆይ» ወይም «በዓሉ ይለፍ» ማለት ሕይወትን ማሳለፍ ነው።

ለክፍል ውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የሳንባ ነቀርሳና የደም ካንሰር በመተላለፍ ረገድ በምን ይለያያሉ?
2. ሳይጎመራ የሚበዛ ሴል መቅኔውን ሲሞላው ሰውነት ምን ይጎድለዋል?
3. የቫይታሚን ኤ እንክብል የካንሰር መድኃኒት ያልሆነው ለምንድን ነው?
4. በቀበሌያችሁ ያለማቋረጥ የሚደማ ልጅ ቢገኝ፥ ማን ይዞት ይሄዳል? የመጓጓዣውን ገንዘብስ ከወዴት ታገኛላችሁ?

አራተኛው ጥያቄ መልሱ ከመጽሐፍ አይገኝም። መምህራን ከወላጆችና ከዕድር ሽማግሌዎች ጋር ተመካክረው፥ ሕመምተኛ ከመነሣቱ በፊት መልሱን አዘጋጅተው ይጠብቁ።