የክትባት ካርድ የልደት ምዝገባ አይደለም! ልጅዎ ተቆጥሯል?

እዚህ ያዮ ወላጆችን «ልጁ ተመዝግቧል?» ብዬ ስጠይቅ ብዙ ጊዜ የማገኘው መልስ «አዎ ዶክተር፣ የክትባት ካርድ አለው» የሚል ነው። ካርዱ ጥሩ ነው፤ ምዝገባ ግን አይደለም። «ታዲያ ይሄ ከጤና ጋር ምን አገናኘው?» ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡ።

✅ ቁጥሩ ከየት ይመጣል?
በአገራችን የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። በየወረዳው በዓመት ስንት ልጅ እንደሚወለድ የሚታቀደው በአብዛኛው ከዚያ ቆጠራ በተነሳ ግምት ነው። ያዮን አስቡት፦ በቡና ለቀማ ወቅት ስንት ሰው ይገባል? የማዳበሪያ ፋብሪካው ግንባታስ ስንቱን አምጥቶ ስንቱን መለሰ? ግምቱ ይህን አያውቅም።

✅ በምሳሌ እንየው (ቁጥሩ ለማስረዳት ብቻ ነው)
አንድ ቀበሌ «በዓመት 150 ሕፃናት ይወለዳሉ» ተብሎ ታቀደ። 147ቱ ተከተቡ፤ ሪፖርቱ 98 በመቶ ይላል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። በእውነት የተወለዱት ግን 200 ከሆኑ 53 ሕፃናት አልተከተቡም ማለት ነው። ኩፍኝ ሲገባ የሚያገኘው እነሱን ነው። እኛም «98 በመቶ ከትበን ከየት መጣ?» እንላለን።

✅ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱትስ?
በ2011 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ በመጀመሪያው ወር እንደሚሞቱ አሳይቷል። ጥናቱ የሚናገረው ስለ አገርና ስለ ክልል ነው። ያዮ ወይም መቱ ውስጥ የትኛው ቀበሌ ላይ ችግሩ እንደባሰ የሚነግረን ምዝገባ ብቻ ነው። «ከሞተ በኋላ መመዝገቡ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ወላጆች አሉ። ሐዘናቸው ይገባኛል። ግን ያልተመዘገበ ሞት ለቀጣዩ ሕፃን አያስተምረንም።

✅ ምን እናድርግ?
የልደት፣ የሞት፣ የጋብቻና የፍቺ ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው።

👉 ጤና ተቋም ከወለዱ የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ሳይቀበሉ አይውጡ። ይህ ወረቀት የልደት ምስክር ወረቀት አይደለም፤ ቀበሌ ወስደው የሚያስመዘግቡበት ነው።
👉 ቤት ከወለዱ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቶሎ ይንገሯት።
👉 ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ሕፃን ተወልዶ ከሞተ ሁለቱም ይመዘገባሉ።
👉 ቀኑ እንዳይረሳ፦ የ10 ሳምንቱን ክትባት ሲያስከትቡ 70ኛው ቀን ላይ ነዎት፤ በዚያው ወደ ቀበሌ ጎራ ይበሉ። የ14 ሳምንቱን ከጠበቁ 98 ቀን ሆኗል፣ ጊዜው አልፏል።
👉 ካለፈም አይተዉት፤ ሄደው ይጠይቁ።

በቅርቡ የወለደች እህት፣ ጓደኛ ወይም ጎረቤት ካለችዎ ዛሬውኑ ሼር ያድርጉላት። ጤና ይብዛላችሁ!