ሠላሳ አምስት ወንበር

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ የኢጣሊያ ፋሺስቶች የሚያደርጉትን ሁሉ በአደባባይ ነበር የሚያደርጉት። ታዲያ ያ ሁሉ የተማረና በፖለቲካ ያረጀ ሰው እንዴት ናቃቸው?

አዛውንቱ፦ ቁጥር አይቶ ነዋ ልጄ። በ1921ዱ ምርጫ (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ልጥራልሽ) ከ535 የምክር ቤት ወንበር ያገኙት 35 ብቻ ነበር። ያንንም ያገኙት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆሊቲ በራሳቸው ጥምረት ስላስገቧቸው ነው፤ ሶሻሊስቶችን ካዳከሙልን በኋላ ምክር ቤቱ ያለዝባቸዋል ብለው። ስሕተቱ ግን ከዚያም ይቀድማል። ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ ፋሺስቶች በሰሜን ኢጣሊያ በፖ ሸለቆ የገበሬና የሠራተኛ ማኅበራትን ቢሮ ሲያቃጥሉ፣ ሰው ይዘው የጉሎ ዘይት ሲግቱ፣ ዱላው የሚያርፈው በሌላው ጀርባ ላይ ነበር። ባለርስቱ ገንዘብ ሰጠ፤ ፖሊሱ ብዙ ጊዜ አይቶ እንዳላየ አለፈ፤ አድማ የሰለቸው ከተሜም ሥርዓት ተመለሰ አለ። የንቅናቄው ጉልበት መለካት የነበረበት ሳይቀጣ ባለፈው ወንጀል ነበር እንጂ በወንበሩ ብዛት አልነበረም።

ወጣቷ፦ ኃላፊነት ሲሸከሙ ይሰክናሉ ብሎ ማሰብ ግን ያን ያህል ሞኝነት ነው?

አዛውንቱ፦ ሞኝነት አልልም፤ ሥልጣን ይዞ የሰከነ ንቅናቄ ብዙ አለ። የሚሰክነው ግን ሕግ ሲጥስ የሚያስቆመው ሲያገኝ ነው። በኦክቶበር 1922 ፋሺስቶች ወደ ሮም ሲዘምቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ፋክታ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አዘጋጅተው አቀረቡ፤ ንጉሡ አልፈርምም አሉ። መሪያቸው ሙሶሊኒ ተዋግቶ አልገባም፣ ተጠርቶ ነው የገባው። በካቢኔው የፋሺስቶቹ ቁጥር ጥቂት ስለነበር የቀሩት ሚኒስትሮች ከብበን እንይዘዋለን ብለው ተጽናኑ። ምክር ቤቱም በ306 ለ116 ድምፅ አጸደቀለት። በተከታዩ ዓመት፣ 25 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ለቀደመ ወገን የወንበሩን ሁለት ሦስተኛ የሚሰጥ ሕግ ወጣ። ይህን ያጸደቁት ፋሺስቶች ብቻ አልነበሩም፤ እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ወጣቷ፦ እኛ መጨረሻውን ስለምናውቅ ይቀለናል። ያኔ ማን ያውቅ ነበር?

አዛውንቱ፦ ማቴዎቲ ያውቅ ነበር። የሶሻሊስቱ እንደራሴ በሜይ 1924 የምርጫውን ግፍ ምክር ቤት ውስጥ ቆሞ ዘረዘረ፤ በጁን ታፍኖ ተገደለ። ያኔም ብዙዎች ንጉሡ አንድ ነገር ያደርጋሉ ብለው ጠበቁ፤ ንጉሡ ዝም አሉ። ሙሶሊኒ በጃንዋሪ 1925 ለሆነው ሁሉ ኃላፊው እኔ ነኝ ብሎ ሲናገር እንኳ ለፍርድ ያቀረበው የለም። ጀርመኖች ደግሞ ይህን ሁሉ አይተው ነው የደገሙት። በኖቬምበር 1932 ምርጫ የናዚ ወንበር ከ230 ወደ 196 ወርዶ ነበር፤ አለቀላቸው ተባለ። ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ የቀድሞው ቻንስለር ፎን ፓፐንና ወግ አጥባቂዎቹ ሂትለርን ቻንስለር አስደረጉት፤ በካቢኔው ከእሱ ጋር ናዚዎቹ ሦስት ብቻ ናቸውና እንቆጣጠረዋለን በሚል ስሌት።

ወጣቷ፦ ታዲያ እኛን ኢትዮጵያውያንን የጎዳን የእነሱ የውስጥ ስሕተት ነው ማለት ነው?

አዛውንቱ፦ የእነሱ ብቻ አይደለም። መንግሥታትም ያንኑ ስሌት ደገሙት። በኤፕሪል 1935 እንግሊዝና ፈረንሳይ ኢጣሊያ ውስጥ ስትሬዛ ላይ ከሙሶሊኒ ጋር ሲቀመጡ ሂትለርን እንዲያግድላቸው ፈልገው ነበርና የኢትዮጵያን ነገር ሳያነሱበት ተለያዩ። ኢጣሊያ ኢትዮጵያን መውረር በኦክቶበር ስትጀምር የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጣለ፤ ነዳጅ ግን አልከለከለም፤ የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። ወታደሩም የመርዝ ጋዙም በዚያ በኩል አልፎ መጣብን።