ምን ልወቅ? ወይስ ምን ልባል?



በፈተና ቀን ጠዋት በር ላይ ተሰልፈን ስንጠብቅ የማይቀር አንድ ንግግር አለ፦ «ምንም አላነበብኩም!» አንዳንዱማ «ወላሂ» ብሎ ያጸናዋል። ሌሊቱን ላይብረሪ ያደረ ተማሪ ለምን እንዲህ ይላል? ነጥቡ ዝቅ ቢል «ስላላነበበ ነው» እንዲባል እንጂ «አይችልም» እንዳይባል ነው። ከፍ ቢል ደግሞ «ሳያነብ የሚሠራ ቀለሜ» ይባላል። በሁለቱም በኩል ስሙ ተጠብቋል። የተረሳው ጥያቄ «ትምህርቱን አውቄዋለሁ ወይ?» የሚለው ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን ጉዳይ «የግብ ዝንባሌ» በሚል ርዕስ ያጠኑታል። ባጭሩ፣ ተማሪ ለጥናት ሲቀመጥ ከሦስት ግቦች አንዱ ይገፋዋል ይላሉ። አንደኛው ማወቅ ነው፤ ትናንት ያልገባኝ ዛሬ ይግባኝ ማለት። ሁለተኛው በልጦ መታየት ነው። ሦስተኛው እንዳይጋለጥ መሸሽ ነው። ይህ ሦስተኛው ከሁሉም ይጎዳል። ያልገባውን ክፍል ውስጥ አይጠይቅም፤ ከበድ ያለውን ወርክሺት ለሌላ ይተዋል፤ ጥግ ይዞ ይቀመጣል። በሬሜዲያል የገቡ ወንድሞችና እህቶች ይህን ስሜት ያውቁታል። «ጥያቄ ብጠይቅ ከየት እንደመጣሁ ይታወቅብኛል» በሚል ፍርሃት ብቻ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ዝም ያለ ተማሪ ጥቂት አይደለም።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚወጣው ነገሩ ሲከብድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የአምስተኛ ክፍል ልጆች ላይ ያደረጉት ጥናት ጥሩ ማሳያ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ቀለል ያለ ጥያቄ ሠሩ። ከዚያ ከፊሎቹ «ጎበዝ አእምሮ አለህ» ተብለው ተመሰገኑ፤ ከፊሎቹ ደግሞ «ጥረህ ነው የሠራኸው» ተባሉ። ቀጥሎ ሁሉም ከባድ ጥያቄ ተሰጣቸውና ወደቁ። በሦስተኛው ዙር እንደ መጀመሪያው ቀላል ጥያቄ ሲመጣ፣ በአእምሯቸው የተመሰገኑት ከበፊቱ ዝቅ አሉ፤ በጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ከፍ አሉ። ነጥባቸውን ለማያውቁት ልጅ እንዲጽፉ ሲጠየቁም፣ በአእምሯቸው ከተመሰገኑት ጥቂት የማይባሉት ከፍ አድርገው ዋሹ። «ጎበዝ መባል» ግብ ከሆነ ውድቀት የሚደበቅ ነውር ይሆናል። ኩረጃም ከዚሁ ምንጭ ይቀዳል።

ለእኛ ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። ስለ ኢማም አል-ገዛሊ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። ወጣት ሳሉ ከጁርጃን ተምረው ወደ ጡስ ሲመለሱ መንገድ ላይ ሽፍቶች ዘረፏቸው። ገዛሊ ያለቃውን ተከትለው ማስታወሻዎቻቸውን ብቻ እንዲመልስላቸው ለመኑት፤ ዕውቀታቸው ያለው እሱ ውስጥ ነውና። ሽፍታው ሳቀባቸው። ወረቀቱ ሲወሰድ አብሮ የሚወሰድ ከሆነ ይህ ምን ዕውቀት ነው አላቸው። ማስታወሻውን መለሰላቸው፤ ነገሩ ግን ከልባቸው አልወጣም። ጡስ ገብተው የጻፉትን ሁሉ በልባቸው እስኪይዙት ሦስት ዓመት ቆዩ።

ዛሬ ያ ሽፍታ የመውጫ ፈተና ሆኖ መጥቶብናል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ለመመረቅ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት። ፈተናው የአንድ ሴሚስተር ሳይሆን የዓመታት ኮርሶችን ይጠይቃል። ለሚድ ተቸክሎ በማግስቱ የተረሳ ሃንድአውት እዚያ አያድንም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ሲሰጥም ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አንረሳም። የመኮራረጃው በር ሲጠብ በልብ ያለው ብቻ ይቀራል።

ገዛሊ በኋላ የባግዳዱ ኒዛሚያ መምህር ሆኑ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ነበሯቸው፤ ዝናቸውም ናኘ። በ488 ሂጅሪ (እ.ኤ.አ. 1095) ግን የማስተማር ኒያቸውን ሲመረምሩ፣ ለአላህ ብሎ የጠራ ሳይሆን ክብርና ዝና የገፋው ሆኖ አገኙት። ይህን የነገሩን ራሳቸው በጻፉት ኪታብ ነው። ተጨነቁ፣ ምላሳቸውም ለማስተማር እምቢ አለ፤ ሹመቱን ትተው ከባግዳድ ወጡ። እኛ ዩኒቨርሲቲውን እንተው ማለት አይደለም። እሳቸውም ከዓመታት በኋላ ወደ ማስተማር ተመልሰዋል። የተለወጠው ሥራው ሳይሆን ኒያው ነው። ኢማም አል-ቡኻሪ ሶሒሓቸውን በኒያ ሐዲስ መክፈታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ ግሬድ መፈለግ ሪያእ ነው? አይደለም። ተመራማሪዎቹም በልጦ ለመገኘት መጣር ብዙ ጊዜ ከጥሩ ነጥብ ጋር እንደሚሄድ፣ ለትምህርቱ ፍቅር ማደር ግን ለማወቅ ከመጣር ጋር እንደሚሄድ አይተዋል። የወላጆቻችን ልፋት ያለበት ውጤት ነውና «ኤ» መፈለግ ተገቢ ነው። ጥፋቱ ነጥቡ ከዕውቀቱ ሲቀድም፣ ፍርሃቱም ከሁለቱ ሲቀድም ነው።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ የሚከተሉትን እንሞክር፦

1. መጽሐፍ ከመክፈታችን በፊት ኒያችንን እናድስ፤ ዛሬ ምን አውቄ እነሳለሁ ብለን አንድ ዓረፍተ ነገር እንጻፍ።

2. አንድ ምዕራፍ ስንጨርስ ሃንድአውቱን ዘግተን ለዶርም ጓደኛችን እናስረዳ። ማስረዳት ያቃተን ቦታ ገና ያላወቅነው ቦታ ነው።

3. የተመለሰ የፈተና ወረቀት አይቀደድ። የሳትነውን ጥያቄ እንደገና እንሥራው።

4. በጀመዓው የቲቶሪያል ፕሮግራም ላይ የሚጠይቀውን አንሳቅበት። ታናናሾቻችንንም «አንተ እኮ ቀለሜ ነህ» ከማለት «እንዴት ሠራኸው?» ብለን እንጠይቃቸው።

የሚቀጥለው ፈተና በር ላይ ስንገናኝ ደግሞ «አንብቤያለሁ፣ ሦስተኛው ምዕራፍ ግን አልገባኝም» የሚል አንድ ሰው ቢገኝ ትልቅ ለውጥ ነው። ምናልባት ከጎኑ የቆመው በዚያች አምስት ደቂቃ ያስረዳው ይሆናል።

አላህ (ሱ.ወ) የሚጠቅም ዒልም፣ የጠራ ኒያ ይወፍቀን። አሚን።