ወፍ ለማየት ወደ አርባ ምንጭ ለምትሄደው ልጄ

ልጄ፣ ወፍ ማየት መጀመርህን ስሰማ ደስ አለኝ። አርባ ምንጭ ከሄድክ አይቀር፣ ከከተማው ሥር ወዳለው የምንጮቹ ጫካ ውረድ። ይህችን ምክር ግን ይዘህ ውረድ።

1. በማለዳ ድረስ። ፀሐይ ስትበረታ ወፉም ጥላ ይፈልጋል፤ ድምፁም ይጠፋል። ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ከሄድክ የአውሮፓን ብርድ ሸሽተው የመጡትንም ታገኛለህ።

2. አታሳድድ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ደማቅ ልብስ ትተህ ከውሃው ራቅ ብለህ ቁጭ በል። ዓሣ አጥማጁ ወፍ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ ቁልቁል ያፈጣል፤ ድንገት ተወርውሮ ይነጥቅና ወደ ቦታው ይመለሳል። ዓሣውን ከእንጨቱ ጋር ካላተመ በኋላ በጭንቅላቱ በኩል ይውጠዋል፤ እሾሁና ቅርፊቱ ጉሮሮውን እንዳይቧጥጠው ነው። ይህን የሚያየው የታገሠ ነው።

3. ጎጆ አትድፈር። ሾላው ሲያፈራ፣ ምንቃራቸው ላይ ቀንድ የደረቡ የሚመስሉት ትልልቅ ወፎች ይሰበሰባሉ። ሴቷ ለመታቀፍ የዛፍ ሽንቁር ውስጥ ስትገባ በሩ በጭቃ ይመረጋል፤ ወንዱ በቀረችው ስንጥቅ ይመግባታል። እሱን ካስደነገጥከው እናትም ጫጩትም ይራባሉ። ፎቶው ይቅርብህና ዞር በል። ድምፃቸውንም በስልክ እያሰማህ አትጥራቸው።

4. ለምንጩ እዘንለት። በጋሞ ደጋ የዘነበው ዝናብ መሬት ውስጥ ሰርጎ እዚያ ይፈልቃል። ከተማውም ከዚሁ ይጠጣል። ስለዚህ ሳሙናህን ወደ ውሃው አታቅርብ፤ የያዝከውን ፕላስቲክ ይዘህ ውጣ። ደጋው ሲራቆት ምንጩ ይመነምናል፤ ምንጩ ከመነመነ ጫካውም ወፉም አይኖርም።

5. ጥንቃቄ አይለይህ። ለዝንጀሮና ለጦጣ ምግብ አትስጥ፤ ለምደው ሰው ይተናኮላሉ። የፓርክ ጠባቂ ሳትይዝ ወደ ሐይቅ ዳር አትሂድ፤ አዞ አለ።

6. ያየኸውን ጻፍ። እ.ኤ.አ. በ1990 ተመራማሪዎች እዚያው አርባ ምንጭ አጠገብ ባለው ነጭ ሣር ፓርክ ውስጥ ከሞተ ወፍ ላይ አንድ ክንፍ ብቻ አገኙ፤ በ1995 በዚያች ክንፍ አዲስ ዝርያ ለሳይንስ ተመዘገበ። አንተም ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን ሳትጽፍ አትነሳ።

7. በሚቀጥለው ጊዜ ታናናሾችህን ይዘህ ሂድ። ባይናኩላሩን መጀመሪያ ለእነሱ ስጥ። ነገ ለዚህ ምንጭ የሚከራከርለት ዛሬ ያየው ልጅ ነው።