የደንቆሮ ጫካ ትንሿ ወፍ፤ ነዋሪ ወይስ እንግዳ?

ከመካነ ሰላም ተነሥተን በጥር ወር ማለዳ ወደ ደንቆሮ ጫካ ብንዘልቅ፣ በአስታና በኮሶ ቅጠሎች መካከል ነፍሳት እየለቀሙ የሚዘዋወሩ፣ እያንዳንዳቸው 10 ግራም ገደማ የሚመዝኑ ወፎች ልናይ እንችላለን። ለዓይን አንድ ዓይነት ይምሰሉ እንጂ ከፊሎቹ ዓመቱን ሙሉ በደጋው ደን የሚኖሩ ሲሆኑ፣ ከፊሎቹ ግን ከአውሮፓና ከእስያ የመጡ የበጋ እንግዶች ናቸው። ታዲያ በ2001 ዓ.ም. በብሔራዊ ፓርክነት በተከለለው በዚህ ጫካ የትኞቹ እንደሚራቡና ብዛታቸውም ምን ያህል እንደሆነ በምን እናውቃለን?

ነዋሪዋ ቡናማ የደን ዘማሪ ወፍ በሳይንሳዊ ስሟ ፊሎስኮፐስ አምብሮቪረንስ ትባላለች። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1840 የሰጣት ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ሲሆን፣ የገለጻትም ከሰሜን ተራሮች አካባቢ በተገኘ ናሙና ነው። ጀርባዋ ቡናማ፣ የክንፎቿና የጅራቷ ጠርዝ አረንጓዴ ነው። ፊሎስኮፐስ ትሮኪለስና ፊሎስኮፐስ ኮሊቢታ የተባሉት ዘመዶቿ ግን ፍልሰተኞች ናቸው። ከመስከረም ጀምሮ ይመጣሉ፤ እስከ ግንቦትም ወደ መራቢያቸው ይመለሳሉ።

ወቅታዊ ሁኔታን ለመለየት የአንድ ወር ጉብኝት አይበቃም፤ በየወሩ መመዝገብ ያስፈልጋል። በሐምሌ ዝናብ ጭምር የምትገኝ ወፍ ነዋሪ ለመሆኗ ጥሩ ፍንጭ ትሰጣለች። ዜማ ብቻውን ግን የመራባት ማስረጃ አይሆንም፤ ፍልሰተኞቹም አፍሪካ ውስጥ ሳሉ ያዜማሉና። እርግጠኛው ማስረጃ ጎጆ፣ ምግብ በአፏ ይዛ የምትመላለስ እናት ወይም ገና የምትመገብ ጫጩት ናት።

ብዛትን ለመገመት በየነጥቡ ቆሞ መቁጠር የተለመደ ዘዴ ነው። ለምሳሌ ያህል 10 ነጥቦችን መርጠን በእያንዳንዳቸው ዙሪያ እስከ 50 ሜትር ርቀት የሚያዜሙትን ወንዶች ብንቆጥር፣ የሸፈንነው ስፋት 7.85 ሄክታር ይሆናል። 6 ወንዶች ካገኘን በሄክታር 0.76 ገደማ ይደርሳል ማለት ነው። ይሁንና ዝም ያሉት ስለሚያመልጡን፣ ይህ ቁጥር ዝቅተኛ ግምት መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ጥንቃቄው ለምን አስፈለገ? የጥር ቆጠራችን እንግዶቹን ከነዋሪዋ ጋር ከደባለቀ የወፎቹ ቁጥር ብዙ ይመስላል፤ አስታው ለማገዶ ተቆርጦ የነዋሪዋ ጎጆ ቢመናመን እንኳ ጉዳቱ ይሸፈናል። እንግዶቹ በግንቦት ወደ ሌላ አገር ይሄዳሉ፤ እርሷ ግን የምትሄድበት የላትም። በመሆኑም የደንቆሮን ደን ጤንነት በዚህች ወፍ መለካት የሚሻ ተመራማሪ፣ ከመቁጠሩ አስቀድሞ የሚቆጥረውን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል እንላለን።